ሪንስለስ ዋሽ፦ ስለ ልኬቱ፣ ስለ አበጣበጡና ስለ አጠቃቀሙ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መኪናቸውን ራሳቸው የሚያጥቡ ሰዎች ስለዚህ ነገር ሲጠይቁኝ ጥያቄው ሁሌም ይመሳሰላል፣ ስለዚህ ሁሉንም አንድ ቦታ ሰብስቤ ልመልሰው ብዬ ነው። ስለ ልኬትና ስለ ፎጣ ረዘም አርጌ ጽፌያለሁ ምክንያቱም "ሞከርኩት አልሰራልኝም" ከሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ የተሳሳቱት እዛ ላይ ነው፣ እኔም መጀመሪያ የተሳሳትኩት እዛው ነው።

ሪንስለስ ዋሽ ሲባል ምን ማለት ነው?

ውሃ ውስጥ በጣም ትንሽ ጠብ አርጋችሁ የምትበጠብጡት፣ መኪናውን በሱ ከጠረጋችሁ በኋላ በውሃ ማለቅለቅ የማያስፈልገው ማጠቢያ ነው። መጥረግና ማድረቅ ነው በቃ። ለአንድ የቤት መኪና ከ8 እስከ 10 ሊትር ውሃ ይበቃል፣ በቱቦ ስታጥቡ ግን ያን ያህል ውሃ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊሄድ ይችላል። ውሃ ለሚቸግረው፣ ወይ ፎቅ ላይ ለሚኖርና ቱቦ መሳብ ለማይችል፣ ወይ ደግሞ ግቢው እንዳይጨቀይ ለሚፈልግ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። እኔ ግን አሁን ውሃ በሽ በሽ ባለበትም ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው የማጥበው፣ ስለሚፈጥንና መኪናው ላይ የሚተወው ለስላሳነት ደስ ስለሚለኝ።

ካልተለቀለቀ ቆሻሻው የት ይሄዳል? ቀለሙን አይጭርም?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፣ መፍራታችሁም ልክ ነው። ተራ የመኪና ሻምፖ ቅባቱንና ቆሻሻውን ከቀለሙ ላይ ያላቅቅና ውሃው ላይ እንዲንሳፈፍ ያረገዋል፣ ከዛ በብዙ ውሃ ካላወረዳችሁት ሻምፖውም ቆሻሻውም እዛው ይደርቃል። ሪንስለስ ዋሽ ውስጥ ያሉት ፖሊመሮች ግን ስራቸው ለየት ይላል፣ የአሸዋዋን ቅንጣት ይከቧታል፣ በሷና በቀለሙ መሀልም የሚያንሸራትት ስስ ሽፋን ይፈጥራሉ፣ ስለዚህ ፎጣው ሲያልፍ ቅንጣቷ ቀለሙ ላይ ከመፈተግ ይልቅ ትነሳና የፎጣው ጸጉር ውስጥ ትገባለች። ቆሻሻው እንግዲህ የሚሄደው መሬት ሳይሆን ፎጣው ውስጥ ነው። ይቺን አንድ ነገር ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ራሱ ይገባችኋል፣ ለምን ብዙ ፎጣ እንደሚያስፈልግ፣ ፎጣው ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚገለበጥ፣ ጭቃ የጠገበ መኪናም ለምን በዚህ እንደማይታጠብ።

ስለ ጭረቱ፣ ከቀለሙ በላይ ያለው ክሊር ኮት የሚባለው ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን አካባቢ ነው፣ ከሰው ጸጉር የቀጠነ ማለት ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ሸረሪት ድር ክብ ክብ ሆኖ የሚታየው ጭረት የሚመጣው ቅንጣት ቀለሙ ላይ ተጭኖ ሲጎተት ነው፣ በሻምፖም ታጠበ በሪንስለስ ያው ነው። ስለዚህ "አደጋ የለውም" ብዬ አልዋሻችሁም፣ ግን በትክክል ከተሰራ አንድ ስፖንጅ ከመኪና መኪና እየዞረ ከሚታጠብበት ላቫጆ እጅግ የተሻለ ነው፣ ይሄን በደንብ እርግጠኛ ሆኜ ነው የምናገረው።

ጠርሙሱ ላይ 1:256 ይላል፣ ምን ማለት ነው?

1 እጅ ማጠቢያ ለ256 እጅ ውሃ ማለት ነው። ቁጥሩ ለምን እንዲህ እንግዳ ሆነ ካላችሁ የመጣው ከአሜሪካ መለኪያ ነው፣ አንድ የአሜሪካ ጋሎን 128 አውንስ ነው፣ ግማሽ አውንስ ለአንድ ጋሎን ውሃ ስታረጉ 1:256 ይሆናል። በሊትር ለምናስብ ሰዎች ግን በጣም ቀላል ነው፣ ለ1 ሊትር ውሃ 4 ሚሊ። 5 ሊትር ከሆነ 20 ሚሊ፣ 10 ሊትር ከሆነ 40 ሚሊ፣ 15 ሊትር ከሆነ 60 ሚሊ። በትክክል ቢሰላ ለ10 ሊትር 39 ነው የሚመጣው፣ አንድ ሚሊ ምንም አያመጣም። የግማሽ ሊትር ስፕሬይ ጠርሙስ ከሆነ ደግሞ 2 ሚሊ ብቻ ነው፣ እዚህ ላይ ነው ሰው ማመን አቅቶት "ይቺማ ምን ታረጋለች" ብሎ የሚጨምርበት፣ አትጨምሩ።

ኦፕቲመም ኖ ሪንስ፣ የሜጓየርስ ዲ114፣ ፒ ኤንድ ኤስ አብሶሉት፣ የመኪስ 37 ኤን 914፣ እነዚህ ሁሉ ለባልዲ እጥበት የሚሰጡት ልኬት ይሄው 1:256 ነው። ይሄ ማለት ግን ሁሉም ምርት እንደዛ ነው ማለት አይደለም፣ እጥፉን ማለትም 1:128 የሚሉም አሉ፣ ስለዚህ ከኔም ከማንም በፊት የጠርሙሱን ጀርባ እመኑ።

ሌላ ደግሞ 1:64 እና 1:16 የሚባሉ ልኬቶች ታያላችሁ፣ እነሱ ለሌላ ስራ ናቸው ወረድ ብዬ እመጣበታለሁ። ለአሁኑ 1:64 ማለት ለሊትር 16 ሚሊ ገደማ፣ 1:16 ማለት ደግሞ ለሊትር 60 ሚሊ ገደማ እንደሆነ ያዙልኝ። ቁጥሩ ሲያንስ ብጥብጡ ይወፍራል፣ ይሄን ገልብጠው የሚረዱት ሰዎች አሉ።

በምንድነው የምለካው? ክዳን አለው እኮ

ክዳን አትመኑ፣ ከምርት ምርት ይለያያል። ከፋርማሲ የሚገዛ ስሪንጅ ያለመርፌው፣ 10 ወይ 20 ሚሊ የሚይዝ፣ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ካላችሁም ይሰራል፣ ፈሳሹ ክብደቱ ከውሃ ብዙም ስለማይርቅ 40 ግራም ስትመዝኑ 40 ሚሊ ገደማ ነው።

ከማጠቢያው ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሃው ላይ ነው። ባልዲው "10 ሊትር" ነው ተብሎ ተገዝቶ እስከ አፉ ሲሞላ 12 ይይዛል፣ ግማሽ ሲሞላ ደግሞ በግምት ይሆናል። አንዴ ብቻ በ1 ሊትር ጠርሙስ እየለካችሁ ሙሉትና 5ና 10 ሊትሩ ጋር በማርከር ምልክት አርጉበት፣ ከዛ በኋላ ስለሱ ማሰብ የለም።

ወፈር ባረገው ይበልጥ አያጸዳም?

አያጸዳም። መጀመሪያ ሰሞን እኔ በግምት ነበር የማፈሰው፣ ጥቁር መኪና ነበረኝ፣ ማታ አጥቤው ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ኮፈኑ ላይ ሙሉ የፎጣው መስመር ይታያል፣ በጣት ሲነካም ይይዛል፣ ምርቱ የማይረባ መስሎኝ ልጥለው ነበር። በኋላ ለክቼ ሳየው ከሚፈለገው ሶስት አራት እጥፍ ነበር የማፈሰው፣ ልኩን ሳስተካክል መስመሩ ጠፋ፣ ያው ፎጣ ያው ውሃ ያው መኪና ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ውሃው ተንኖ ሲሄድ ፖሊመሩ ቀለሙ ላይ ይቀራል፣ ልኩ ከሆነ ስስ ሆኖ ያበራል፣ ከበዛ ደግሞ እንደ ዝልግልግ ነገር ይደርቅና አቧራም ይስባል። መስታወት ላይ ደግሞ ብሶ ይታያል።

ማሳነሱም ያው ጉዳት ነው፣ እንደውም ይብሳል፣ ምክንያቱም የሚያንሸራትተው ነገር ከጎደለ በባዶ ውሃ መኪና እንደመጥረግ ነው። ለመቆጠብ ብላችሁ ከልኩ አትውረዱ፣ ለአንድ መኪና 40 ሚሊ ነው የምታወጡት፣ አንድ ሊትር ጠርሙስ 25 ጊዜ ያጥባል። መኪናው ከወትሮው ቆሸሽ ካለ ወይ ውሃው ነጭ ነጥብ የሚተው ዓይነት ከሆነ እስከ እጥፍ ከፍ ማረግ ችግር የለውም፣ ከዛ በላይ ግን ትርፉ ማድረቅና ማድረቅ ነው።

አረፋ የለውም፣ ታዲያ እየሰራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አረፋ የሚያጸዳ ይመስለናል ስላደግንበት ነው እንጂ እዚህ ላይ አረፋ ምንም ምልክት አይደለም። ጣታችሁን ባልዲው ውስጥ ነክራችሁ አውራ ጣትና ሌባ ጣታችሁን አሻሹ፣ ከውሃ የተለየ ልስላሴ ከተሰማችሁ ደህና ነው።

አንድ በአንድ እንዴት ነው የሚታጠበው?

መኪናውን ጥላ ስር አቁሙትና ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት፣ ቀዝቀዝ ማለት አለበት። 10 ሊትር ባልዲ በ1:256 በጥብጡ፣ ከሱው ቀድታችሁ አንድ ስፕሬይ ጠርሙስ ሙሉ፣ የጓሮ አትክልት መርጫ ዓይነት ፓምፕ ያለው ካላችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ። ከ6 እስከ 10 ማይክሮፋይበር ፎጣ ባልዲው ውስጥ ዘፍዝፉ። ለማድረቂያ ደግሞ ሁለት ሶስት ደረቅ ፎጣ ለብቻ አስቀምጡ።

ከጣራው ጀምሩ። የምትሰሩትን ክፍል ብቻ በስፕሬይ በደንብ አርጥቡትና አንድ ሁለት ደቂቃ ተዉት፣ ቆሻሻው እስኪለሰልስ ነው፣ ግን እንዳይደርቅ። ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል፣ እኔ ግን የእጥበቱ ግማሽ እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ፣ ፎጣው ቀለሙን ከመንካቱ በፊት ቅንጣቱ ርሶ መላቀቅ አለበት። ከዛ አንድ ፎጣ ከባልዲው አውጡ፣ ቀለል አርጋችሁ ጨመቅ፣ ውሃው እንዳይወርድ ብቻ ነው እንጂ እንዲደርቅ አይደለም። ሁለት ጊዜ እጠፉት፣ አራት ሲታጠፍ 8 ንጹህ ገጽ ይሰጣችኋል። በራሱ በፎጣው ክብደት ብቻ፣ ሳትጫኑ፣ ቀጥ ባለ መስመር አንድ ጊዜ ወይ ሁለት ጊዜ ጥረጉ፣ ገጹን ቀይሩ፣ ቀጥሉ። ክብ እየሰራችሁ አትሹ። ወዲያው በደረቁ ፎጣ አድርቁት፣ ከዛ ወደሚቀጥለው ክፍል።

ቅደም ተከተሉ ከላይ ወደ ታች ነው፣ ጣራ፣ መስታወቶች፣ ኮፈን፣ የበሮቹ የላይኛው ግማሽ፣ ስፖኪዮ፣ ከዛ የበሮቹ ታችና ባምፐሮቹ፣ መጨረሻ ላይ ኋላው። የመኪና ታችኛው ክፍልና ኋላው ጎማ የሚረጨውን አሸዋ ስለሚይዙ በጣም ቆሻሻዎቹ እነሱ ናቸው፣ እነሱን የነካ ፎጣ ተመልሶ ኮፈን ላይ አይወጣም።

8ቱም ገጽ ካለቀ ፎጣው ስራውን ጨርሷል። ባልዲው ውስጥ አትመልሱት፣ ለብቻ ጣሉት። ይሄን ሳልደጋግም አላልፍም፣ የቆሸሸ ፎጣ ባልዲው ውስጥ ከተመለሰ አሸዋው ወደ ንጹሆቹ ፎጣዎች ይሄዳል፣ ያን ጊዜ ሁሉም ልፋታችሁ ከንቱ ነው። ባልዲው መጨረሻ ላይም ንጹህ ሆኖ ካያችሁት በትክክል ሰርታችኋል ማለት ነው።

ሁለት ባልዲ አያስፈልግም?

በብዙ ፎጣ ከሰራችሁ አያስፈልግም፣ ምክንያቱም ተመልሶ የሚገባ ነገር የለም። በስፖንጅ ወይ በጓንት ከሆነ ግን እሱን የምታለቀልቁበት ሁለተኛ ባልዲ፣ ከታች ወንፊት ያለው፣ ቢኖር ይሻላል።

ስፖንጅ ነው ወይስ ፎጣ የሚሻለው?

ለጀማሪ ፎጣ። ለሪንስለስ ተብለው የሚሰሩ መስመር መስመር ያላቸው ለስላሳ ስፖንጆች አሉ፣ የኦፕቲመም ትልቁ ቀይ ስፖንጅ የሚታወቀው ነው፣ ጥቅሙ አሸዋው ስንጥቆቹ ውስጥ ገብቶ ባልዲው ውስጥ ስትጨምቁት ይለቃል፣ ፎጣ ደግሞ ይዞ አይለቅም። በስፖንጅ ስራው ይፈጥናል፣ የሚታጠብ ፎጣም አይከመርባችሁም። ግን ስፖንጁ አሸዋውን መልቀቁን በእምነት ነው የምትቀበሉት፣ ፎጣ ላይ ግን ቆሻሻውን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፣ መቼ መቀየር እንዳለባችሁም ራሱ ይነግራችኋል። እጃችሁ እስኪለምድ ድረስ ያ ማየቱ ነው ትልቁ ነገር። የእቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ወይ አሮጌ ቲሸርት ግን በምንም ዓይነት መኪና ላይ አይውጣ።

የፎጣው ዓይነት ለውጥ አለው?

አለው። ፖሊስተርና ፖሊያማይድ ድብልቅ ሆኖ 80/20 ወይ 70/30 የሚል፣ ውፍረቱ በካሬ ሜትር ከ300 እስከ 400 ግራም ያለ ለመጥረጊያ ይሆናል። ጠርዙ ላይ የተሰፋ ምልክት ካለ ቁረጡት፣ እሱ ራሱ ይጭራል። አዲስ ፎጣ መጀመሪያ ሳይታጠብ አይነካም። መሬት የወደቀ ፎጣ ደግሞ ወደቀ በቃ፣ አራግፋችሁ አትመልሱት።

መኪናዬ ጭቃ በጭቃ ነው፣ በዚህ ላጥበው?

አይ። እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ። አንዴ ከረጅም መንገድ ተመልሼ፣ ደክሞኝ፣ ውሃም ስላልነበረ "በደንብ ካራስኩት ይሆናል" ብዬ የደረቀ ጭቃ ያለበትን በር በሪንስለስ ጠረግኩት፣ ፎጣ እየቀየርኩ ልኬቱንም ጠብቄ። ሲደርቅ ከበሩ ታች እስከ ፓራፋንጎው ድረስ ረዣዥም ጭረት ነበር፣ ፖሊሽ ተደርጎም ሁለቱ በጣት ጥፍር የሚሰሙት አልወጡም። የሚያንሸራትተው ነገር አቅሙ ውስን ነው፣ ለአቧራና ለተለመደ የሳምንት ቆሻሻ ነው የተሰራው፣ ሚሊሜትር ውፍረት ላለው ጭቃ አይደለም።

መለያው እንዲህ ነው፣ ቆሞ ሲታይ የመኪናው ቀለም በአቧራው ውስጥ በደንብ ከታየ ይታጠባል። ቀለሙን የሸፈነ፣ ጓል የሰራ ወይ ሲነካ የሚኮረኩር አሸዋ ካለው መጀመሪያ ውሃ ያስፈልገዋል። ፕሬሸር ካለ በሱ፣ ከሌለ በቱቦ፣ እሱም ከሌለ ውሃ እያፈሰሳችሁ ጓሉን አውርዱት፣ ከዛ የቀረውን ስስ ቆሻሻ በሪንስለስ ጨርሱት። ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም ምንም ነውር የለውም፣ እንደውም ብዙ ዲቴይለሮች፣ ማለትም መኪና ማጽዳትና ማሳመር ሙያቸው የሆነ ሰዎች፣ እንደዛ ነው የሚሰሩት፣ ከእጥበት በኋላ እንደ ሻምፖ ቅሪት የሚለቀለቅ ስለሌለ ውሃው የሚሄደው ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

በረዶ ባለበት አገር መንገድ ላይ ጨው የሚነሰነስ ከሆነ ደግሞ ሪንስለስ የመኪናውን ሆድ አይደርስበትም፣ ዝገቱ የሚጀምረው እዛ ስለሆነ አልፎ አልፎ ከስር በውሃ ማስመታት ግድ ነው።

ዋተርለስ ከሚባለው በምን ይለያል?

ዋተርለስ ተዘጋጅቶ በስፕሬይ የሚሸጥ፣ ረጭቶ ጠርጎ መጨረስ ነው፣ ባልዲ የለውም። ስለሆነም መኪናው ላይ የሚያርፈው ፈሳሽ ትንሽ ነው። ለቀላል አቧራና ለጣት አሻራ ጥሩ ነው፣ ከዛ በላይ ለሆነ ቆሻሻ ግን እኔ ሪንስለስ ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም የተዘፈዘፈ ፎጣ የሚይዘውን ያህል ውሃ ስፕሬይ አይሰጥም።

ፀሐይ ላይ ወይ ሞተሩ ሳይበርድ ብሰራስ?

ይደርቅባችኋል፣ የደረቀው ደግሞ መስመር ይሰራል። አማራጭ ከሌለ ግማሽ ኮፈን ግማሽ በር እያረጋችሁ በትንሽ በትንሹ ስሩ። ከደረቀባችሁ አትሹት፣ እንደገና በዛው ብጥብጥ አርሱትና ጥረጉት፣ ይነሳል።

ቸርኬና ጎማስ?

ቀለል ያለ የፍሬን አቧራ ከሆነ በዛው ብጥብጥ ይጸዳል፣ ግን መጨረሻ ላይ፣ ለቸርኬ ብቻ በተለየ አሮጌ ፎጣ። የፍሬን አቧራ ውስጥ የብረት ብናኝ አለ፣ እሱ ቸርኬው ላይ ተጋግሮ ቡናማ ከሆነ ሪንስለስ አያወጣውም፣ ብረት የሚያሟሟው ሲረጭ ወይን ጠጅ የሚሆነው ዓይነት ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ በውሃ መለቅለቅ አለበት። ጎማው ራሱ ብሩሽና ጠንከር ያለ ማጠቢያ ነው የሚፈልገው።

የወፍ ኩስ፣ ሬንጅ፣ የደረቀ ነፍሳትስ?

ኩሱና ነፍሳቱ በዚሁ ይለቃሉ፣ ግን በትዕግስት። ፎጣ በደንብ አርሳችሁ ላዩ ላይ አስቀምጡና አምስት ደቂቃ ተዉት፣ ከዛ ወደ ላይ አንሱት እንጂ አትፈትጉት፣ ካልለቀቀ ድገሙት። የወፍ ኩስ ቀለም ስለሚበላ የእጥበት ቀን እስኪደርስ አትጠብቁ፣ ለዚህ ብላችሁ ትንሽ ስፕሬይ ከአንድ ንጹህ ፎጣ ጋር መኪናው ውስጥ አስቀምጡ። ሬንጅ ግን በሪንስለስ አይሟሟም፣ ለሱ የራሱ ማስለቀቂያ አለ፣ እሱን ከተጠቀማችሁ በኋላ ቦታውን በሪንስለስ ጥረጉት።

ሴራሚክ (የቀለም መከላከያ ሽፋን) ወይ ሰም የተቀባ መኪና ላይ ይሆናል? ማት (የማያብረቀርቅ) ቀለምስ?

ይሆናል፣ ሰሙን አያነሳም። የፕላስቲክ መከላከያ ፊልም ላይም ይሆናል፣ የፊልሙ ጠርዝ ላይ ብቻ ፎጣውን ወደ ውጭ እንጂ ወደ ጠርዙ አትግፉት እንዳይነሳ። ልብ ማለት ያለባችሁ ምርቱ ውስጥ ሰም አለ ወይ የሚለውን ነው፣ ኦፕቲመም ለምሳሌ ሰማያዊው ተራው ነው፣ አረንጓዴው ደግሞ የካርኖባ ሰም ያለበት ነው። ሴራሚክ ያለው ሰው ሰም የሌለበትን ቢይዝ የሽፋኑ የራሱ ውሃ የመግፋት ባህሪ አይደበቅበትም። ማት ቀለም ላይ ሰም ያለበትን በጭራሽ አትንኩ፣ ቦታ ቦታ ማብራት ይጀምርና ዥንጉርጉር ይሆናል።

ከመኪና ሻምፖ ወይ ከእቃ ሳሙና ጋር ብቀላቅለውስ?

አትቀላቅሉ። ሻምፖው መለቀለቅ ይፈልጋል፣ ሪንስለሱ አይፈልግም፣ ሲደባለቁ የማይለቀለቅ ሳሙና መኪናችሁ ላይ ይደርቃል። ሁለት የተለያዩ የሪንስለስ ምርቶችም አትደባልቁ።

ውሃችን ነጭ ነጥብ ይተዋል፣ ምን ላርግ?

ነጥቡ ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው፣ ውሃው ሲተን የሚቀረው። በሪንስለስ ስታጥቡ ከቱቦ እጥበት ያነሰ ነጥብ ነው የምታዩት፣ ምክንያቱም መኪናው ላይ ቆሞ የሚደርቅ ውሃ የለም፣ ወዲያው ትጠርጉታላችሁ። ስፖኪዮ ስር፣ የበር እጀታና የታርጋ ዙሪያ ተደብቆ የሚወርደውን ውሃ ግን አትርሱ፣ በሩን ከፍታችሁ ጠርዙንም አድርቁ። በጣም ከባድ ውሃ ከሆነ ለስፕሬይ ጠርሙሱ ብቻ የተጣራ ውሃ ተጠቀሙ።

የተበጠበጠው ተርፎኛል፣ እስከ መቼ ይቆያል?

የባልዲው ለዕለቱ ነው፣ ፎጣ የገባበት ውሃ አይቀመጥም። የተረፈውን ቸርኬ እጠቡበት ወይ የቆሸሹትን ፎጣዎች ዘፍዝፉበት። ስፕሬይ ጠርሙስ ውስጥ ያለው በቧንቧ ውሃ ከሆነ ሁለት ሳምንት አካባቢ እጠቀምበታለሁ፣ በተጣራ ውሃ ከሆነ ይበልጥ ይቆያል። ሽታው ከተቀየረ ወይ ዝቃጭ ነገር ከተንሳፈፈበት ድፉት፣ 2 ሚሊ ነው የምትከስሩት። ጠርሙሱ ላይ ምን እንደሆነና በስንት እንደተበጠበጠ በማርከር ጻፉበት፣ ህጻናት የማይደርሱበት ቦታም አርጉት። ያልተበጠበጠው ደግሞ ከፀሐይና ከሚያቀዘቅዝ ብርድ ይራቅ፣ ከመቅዳታችሁ በፊት ቀስ አርጋችሁ ገልበጥ ገልበጥ አርጉት፣ ታች የዘቀጠ ነገር ሊኖር ይችላል።

1:64 እና 1:16 ያልከው ለምንድነው?

የኦፕቲመምን ብንወስድ 1:64 ለክሌይ ባር ማንሸራተቻ ነው፣ ክሌይ ባር ማለት ቀለሙ ላይ የተጣበቀ ቆሻሻ የሚያነሳ እንደ ሊጥ ያለ ነገር ነው። ክሌይ ያለማንሸራተቻ ከተሳበ ቀለሙን ይጎዳል፣ በሳሙና ከተሰራ ደግሞ ክሌዩ ሊፈረካከስ ይችላል፣ ይሄኛው ግን በጣም ይስማማዋል። 1:16 ታጥቦ የደረቀ መኪና ላይ ረጨት አርጎ ለማብሪያ ነው፣ እንደ ኩዊክ ዲቴይለር። እዛ ላይ ትንሽ ይበቃል፣ ፎጣውም ደረቅና ንጹህ መሆን አለበት።

መኪናው ውስጥስ እጠቀምበታለሁ?

አዎ በዛው በ1:256፣ ዳሽቦርድ፣ የበር ፕላስቲክ፣ መሪ፣ ቆዳ ወንበር ላይ አቧራ ያነሳል፣ የሚያብለጨልጭ ቅባትም አይተውም። መሪው ላይ የእጅ ቅባት ከተጋገረ ግን አቅሙ አይችለውም፣ የውስጥ ማጽጃ ያስፈልጋል። ስክሪን ላይ በቀጥታ አትርጩ፣ ፎጣው ላይ ረጭታችሁ ጥረጉ።

ፎጣዎቹን እንዴት ላጥባቸው?

ለብቻቸው፣ ከጥጥ ልብስ ጋር ሳይሆን፣ ጥጥ የሚያራግፈው ብናኝ ጸጉሩ ውስጥ ይያዛል። በፈሳሽ ሳሙና፣ 40 ዲግሪ አካባቢ ለብ ባለ ውሃ፣ ልብስ ማለስለሻ ፈጽሞ ሳይገባበት፣ ማለስለሻ ጸጉሩን ይሸፍነውና ውሃም ቆሻሻም መያዝ ያቆማል። ማድረቂያ ማሽን ካላችሁ በትንሹ ሙቀት፣ ካልሆነ ጥላ ላይ ማስጣት። ቅድም የቸርኬዎቹ ያልኳቸውን ፎጣዎች ከነዚህ ጋር አንድ ላይ አታጥቧቸው፣ በቀለም ለይታችሁ ያዟቸው፣ እኔ ግራጫውን ሁሉ ለቸርኬ ነው ያረግኩት።